የአጋሮ መንገድ በሁለት ጎማና በሁለት እግር

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የባለቤቴን ብስክሌት እየገፋሁ ጂማ ውስጥ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ካለው ግቢያችን ወጣሁ። የምሄደው አጋሮ፣ ባለቤቴ ታደለ ዘንድ ነው። ታደለ መካኒክ ነው። የቡናው ለቀማ ከተጀመረ ወዲህ በአጋሮ ዙሪያ ያሉትን የቡና ማጠቢያ ሞተሮች ሲጠግን ነበር የከረመው። ሐሙስ ዕለት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ የቃል መልእክት አደረሰኝ። ሰኞ ጠዋት ታደለንና ሌሎች ሁለት ሠራተኞችን ለውሃ ሞተር ሥራ ወደ ጋምቤላ ይወስዷቸዋል። ለስንት ጊዜ እንደሆነ የነገራቸው የለም። መኪናው ከአጋሮ ተነስቶ በበደሌ በኩል ስለሚያልፍ ጂማን አይረግጥም።

ሐሙስና ዓርብ አውቶቡስ ተራ ተመላለስኩ። ነዳጅ ጠፍቶ አውቶቡሶቹ ቆመዋል። የቡና መኪኖች አልፎ አልፎ ያልፋሉ፤ ነገር ግን ሰው እንዳይጭኑ ተከልክለዋልና የለመንኳቸው ሾፌሮች ሁሉ «እህቴ፣ ኬላው ላይ ያስቀሩናል» አሉኝ። ዓርብ ማታ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን ብስክሌት አየሁት። ታደለ ሲሄድ ለእኔ ነበር የተወው። በኳስ ሜዳው ዳር ምሽት ምሽት እየደገፈ አስተምሮኛል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሰው ዓይን ፈርቼ ሁለት ሦስት ጊዜ እንኳ አልነዳሁትም። ትምህርት ቤቴ ከቤቴ በብስክሌት ቅርብ ነው፤ እኔ ግን በየጠዋቱ ጋሪ ስጠብቅ አረፍድ ነበር።

ጎረቤቴ እትዬ አስካለ በር ላይ ሆነው ጠበቁኝ። ከቀሚሴ ሥር የታደለን ሱሪ ለብሼ ሲያዩኝ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«አንቺ ልጅ፣ በጤናሽ ነው? ሴት ልጅ እስከ አጋሮ በብስክሌት?»

«ታዲያ በምን ልሂድ እትዬ?»

ትንሽ አሰቡና «እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ። ወደ ቤት ገብተው ቆሎና ግማሽ ዳቦ በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። «ቀስ ብለሽ ንጂ። ከደረሽ በኋላ አጥብቀሽ ሳሚልኝ።»

ከተማው ሳይነቃ

ጂማ በዚያ ሰዓት ለብስክሌት የተሠራች ትመስላለች። መንገዱ ሰፊና ሜዳ ነው፤ ትላልቆቹ ዛፎች ከግራና ከቀኝ ተገጣጥመው ጥላ ሆነዋል። አዌቱ ድልድይ ላይ ስደርስ ከውሃው የሚወጣው ጉም ፊቴን ነካኝ። የሞተር ድምፅ ስለሌለ ወፎቹ፣ የጋሪ ፈረሶች ኮቴ፣ ከመስጊዱ የሚመለሱ ሽማግሌዎች ሰላምታ ሁሉ ይሰማል። በዚህች ከተማ ስኖር ዓመታት አልፈዋል፤ ድምፅዋን በደንብ የሰማሁት ግን ያን ጠዋት ነው።

ነዳጅ ማደያው ጋ ረጅም ሰልፍ አለ። መኪኖቹ ጠፍተው ተደርድረዋል፤ ባለቤቶቻቸው ጋቢ ተከናንበው ጀሪካን ላይ ተቀምጠዋል። አንዱን ሰውዬ አውቀዋለሁ፤ ቤቱም ሥራ ቦታውም እዚሁ በጂማ መርካቶ አካባቢ ነው። ያቺን ለምታህል መንገድ ያድርበታል ብዬ ገረመኝ። እሱም እኔን ሲያየኝ ገረመው መሰለኝ፣ ሳልፍ አንገቱ ዞሮ ቀረ።

ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ ጠመንጃ ያነገተ ወጣት ጥበቃ አስቆመኝ።

«ይለፍ?»

ከቀበሌ ያወጣሁትን ወረቀት ሰጠሁት። አገላብጦ አነበበና፣ «እስከ እሑድ ማታ ብቻ ነው የሚለው ጓድ መምህርት» አለኝ።

«አውቃለሁ። ሰኞ ክፍል እገባለሁ።»

«ብስክሌቱስ ይለፍ አለው?»

እየቀለደ ይሁን የምሩን ይሁን አላወቅሁም። ወዲያው ጥርሱ ብልጭ አለ። «ነዳጅ አይጠጣም እንዴ ይሄ?»

«ቆሎ ነው የሚበላው» ብዬ ከእትዬ አስካለ ቋጠሮ እፍኝ ዘገንኩለት። ገመዱን ዝቅ አደረገልኝ።

ዳገቱ

ከኬላው በኋላ አስፋልቱ ያልቅና ኮረኮንች ይጀምራል። ቀዩ አቧራ ከጎማው ሥር እየቦነነ እስከ ጉልበቴ አለበሰኝ። ከግራና ከቀኝ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናው ቀልቷል። በየደጁ ቡና በሰሌን ላይ ተሰጥቷል፤ የሚቦካው የቡና ገለባ ሽታ ከጠዋቱ ቅዝቃዜ ጋር ይመጣል። ያ ሽታ ባለፈው ዓመት ታደለ ከሥራ ሲገባ ልብሱ ላይ የነበረው ነው። ያኔ «ታጥበህ ግባ» እለው ነበር።

የመጀመሪያውን ዳገት እንደ ወጣሁ ሁለተኛው መጣ። ከኮርቻው ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። መሃል ላይ ካቴናው ወለቀ። ብስክሌቱን ገልብጬ፣ ታደለ እንዳሳየኝ ካቴናውን በጥርሱ ላይ መልሼ ልገጥም ስታገል፣ ለቅዳሜ ገበያ ወደ ጂማ የሚወርዱ ሴቶች ከበቡኝ። ጀርባቸው ላይ የማር እንስራና የጎደሬ ከረጢት አለ።

«አካም ቡልቴ?» አለችኝ ከፊት ያለችው። እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው።

«ነጋ» አልኳት፤ ደህና ማለት ነው። ኦሮምኛዬ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም።

እሷም በአማርኛ ቀጠለች። «ፈርደ ሲቢላ እንቢ አለ?» የብረት ፈረስ ማለቷ እንደሆነ ገብቶኝ ሳቅሁ። ሸክሟን አውርዳ የኋላውን ጎማ ያዘችልኝ፤ እኔ ካቴናውን አስገባሁ። እጃችን እስከ አንጓችን ጠቆረ።

«ለማን ነው እንዲህ የምትለፊው?»

«ለባሌ። ሰኞ ሩቅ አገር ይወስዱታል።»

ፊቷ ተለወጠና ለጓደኞቿ በኦሮምኛ ነገረቻቸው። ሁሉም አንድ ላይ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ረቢ ያገናኝሽ» አለችኝና በቡና ቅጠል እጇን ጠራርጋ ሸክሟን አነሳች። ቁልቁል ሲወርዱ ቆሜ አየኋቸው። በአንድ ሰልፍ፣ የቦዩን ዳር ዳር ይዘው ነው የሚሄዱት። በዚህ መንገድ ላይ ሙሉ ጠዋት ያገኘሁት መኪና ሁለት ብቻ ነው፤ በእግሩ የሚሄደው ሰው ግን ማለቂያ የለውም። ያም ሆኖ መሃሉ ለመኪና ተጠርጎ እግረኛው ድንጋይና ቦይ ላይ ይሄዳል። በአውቶቡስ መስኮት ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ልብ ያልኩት ግን ብስክሌቱን እየገፋሁ ከእነሱ ጋር ቦይ ስዘል ነው።

የቡ

የቡ የምትባለው ትንሽ ከተማ ስደርስ ፀሐዩ ከረር ብሏል። ከወንዙ ድልድይ ማዶ ካለች ሻይ ቤት ገብቼ በስሙኒ አንድ እጅ ሙዝ ገዛሁ፤ ሻይም ጠጣሁ። መዳፌ ተልጧል። ሆኖም ከየቡ በኋላ አንዲት ዳገት ብቻ ናት፤ ከእሷ ቀጥሎ ረጅም ቁልቁለት አለ። ፍሬኑን ለቀቅ አድርጌ በጫካው መሃል ስወርድ ነፋሱ ሻሼን ገፈፈው። ማንም ስለሌለ ደወሉን ደጋግሜ ደወልኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እሱን አየዋለሁ ብዬ ነው ደስታው። «በምን መጣሽ?» ሲለኝ የሚሆነውን ፊት በልቤ እያየሁ ወረድኩ።

አጋሮ

አጋሮ የገባሁት ከቀትር በኋላ ነው። ታደለ የተከራየው ክፍል አዴ ሐሊማ የሚባሉ ትልቅ ሴት ግቢ ውስጥ ነው። አዴ ማለት በአገሩ እንደ ወይዘሮ ነው። እሳቸው በግቢው ቡና እየገለበጡ ነበር። ብስክሌቱን ሲያዩ ቀና አሉ፤ እኔን ሲያዩ ደግሞ መገልበጫው ከእጃቸው ወደቀ።

«ሰናይት ነሽ?»

«አዎ እማማ። ታደለ አለ?»

«ያ ረቢ!» አሉና ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «አንቺን ሊያይ ጂማ ሄደ እኮ! በእግሩ! ዛሬ ከፈጅር ሶላት በፊት ነው የወጣው።»

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም። እኔ በመኪና መንገድ ስመጣ እሱ በጫካው የእግር መንገድ ሲሄድ፣ የሆነ ቦታ ላይ ተላልፈናል። እሱ ማታ ሰቶ ሰመሮ ይደርስና የተቆለፈ በር ያንኳኳል። አዴ ሐሊማ ውሃ አምጥተው እግሬን ሲያጥቡኝ፣ «ተዉ እማማ» ለማለት እንኳ ጉልበት አላገኘሁም። ዝም ብዬ አለቀስኩ።

ክፍሉን ከፈቱልኝ። ጠባብ አልጋ፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለ የሥራ ካፖርት፣ አንድ ብርጭቆ። አልጋው ተነጥፏል፤ ታደለ ቤታችን ሲሆን አልጋ አንጥፎ አያውቅም። ካፖርቱን ከሚስማሩ አውርጄ ታቅፌ ተቀመጥኩ። የዘይት፣ የላብና የቡና ሽታ አለው። ያን ያህል መንገድ መጥቼ ያገኘሁት ካፖርቱን ነው።

ከእራት በፊት አዴ ሐሊማ ገንፎ ይዘው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«አሁን ምን አሰብሽ?»

«አላውቅም። እዚህ ብጠብቀው ነገ ማታ ይመጣል። ግን የይለፍ ወረቀቴ ነገ ያልቃል፤ ሰኞ ካልገባሁ ደግሞ ጣጣ ነው። ተመልሼ ብሄድ፣ እሱም ወደዚህ ተመልሶ እንደገና እንተላለፋለን።»

«ባልሽ ሰኞ ጠዋት መኪናው ላይ ካልተገኘ ይታሰራል። ስለዚህ ነገ ከጂማ ይነሳል። እንደ መጣበት በእግሩ ነው የሚመለሰው።» ገንፎውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። «እኔ በልጅነቴ ከጂማ ወደዚህ የተዳርኩት በዚያው መንገድ ነው። የእግሩ መንገድ ጫካ ለጫካ ይሄድና የቡ ድልድይ ላይ ከመኪናው መንገድ ጋር ይገናኛል። ወንዙን የሚያሻግር ሌላ ቦታ የለም። በእግሩ ቢመጣም፣ በበቅሎ ቢመጣም ድልድዩን ሳይረግጥ አያልፍም። ማልደሽ ሂጂና እዚያ ቁጭ በይ።»

«ቀድሞኝ ቢያልፍስ?»

«አንቺ ጎማ አለሽ፤ እሱ እግር ነው ያለው። ኢንሻአላህ ትቀድሚዋለሽ።»

እሑድ

ገና ሲነጋጋ ተነሳሁ። አዴ ሐሊማ በሩ ድረስ ሸኝተው ጀርባዬን ዳበሱኝ። ትናንት በደስታ የወረድኩት ቁልቁለት ዛሬ ዳገት ሆኖ ጠበቀኝ። መንዳት ሲያቅተኝ እገፋለሁ፤ ስገፋ ደግሞ ከፊቴ የሚመጣውን እግረኛ ሁሉ በፍርሃት አያለሁ። ቀድሞኝ ድልድዩን አልፎ ከሆነ የእግሩን መንገድ ይዞ ጫካ ውስጥ ገብቷል፤ ላገኘው አልችልም ማለት ነው። ጥርሴን ነክሼ ገፋሁ። መዳፌ ደማ።

የቡ ድልድይ ላይ ደርሼ ብስክሌቱን በድንጋዩ ግንብ ላይ አስደገፍኩና ተቀመጥኩ። ሰው ያልፋል። ሙክት የሚጎትት፣ ልጅ ያዘለች፣ መጽሐፍ ቅዱስ በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ጸሎት የሚሄዱ ከከምባታ የመጡ ባልና ሚስት። ባልየው ዕቃዋን ይዞላት፣ እየተጨዋወቱ ነው የሚሄዱት። ከመነሻቸው እስከ መድረሻቸው አብረው ናቸው። እንዴት ቀናሁባቸው! እኔና ታደለ ከተጋባን ወዲህ አብረን የሄድነው መንገድ ቢደመር ከዚህ እስከ ገበያው አይሞላም። እሱ ሥራ ሥራ ሲል፣ እኔ ፈተና ሳርም፣ መንገድ አብሮ መሄድ እንደሚናፈቅ አላወቅንም ነበር።

ፀሐዩ ከዛፎቹ ራስ በላይ ሲሆን ከጂማ በኩል አንድ ሰው እያነከሰ ብቅ አለ። ጫማውን በማሰሪያው አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። አረማመዱን ከሩቅ አወቅሁት። እጄን ወደ ብስክሌቱ ዘርግቼ ደወሉን ደወልኩ።

ቆመ። ብስክሌቱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ።

«አንቺ!»

«አዎ እኔ ነኝ።»

እየሮጠ መጣ። ሰው ይየን አይየን ትዝ ሳይለን ተቃቅፈን ቆየን። ሁለታችንም አቧራ ነበርን። «እትዬ አስካለ በብስክሌት ሄደች ሲሉኝ አላመንኳቸውም» አለኝ ጆሮዬ ላይ። «በመስኮት ባዶውን ግድግዳ አይቼ ነው ያመንኩት።»

ሻይ ቤቱ ደጃፍ ባለች አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እግሩን አየሁት፤ ተረከዙ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል። እሱ ደግሞ መዳፌን ገልብጦ አየና ሳመው። ዳቦ በሻይ በላን።

«ትናንት ጫካው ውስጥ ዕረፍት ላይ ሆኜ ከመኪናው መንገድ የብስክሌት ደወል ሰማሁ» አለኝ። «ደጋግሞ ይደውላል። ይሄስ የታደለ ሰው ነው፣ ወደ ሚስቱ እየሄደ ነው አልኩ።»

«ወደ ባሏ ነበር የምትሄደው» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን።

ስለ ጋምቤላ ብዙ የሚያውቀው የለም። ሙቀት እንዳለው፣ ወንዙ ትልቅ እንደሆነ፣ በአዲሶቹ የሰፈራ መንደሮች የውሃ ሞተር እንደሚተክሉ ብቻ ሰምቷል። «ቶሎ እመለሳለሁ» አላለኝም፤ እኔም በል አላልኩትም። እንዳይዋሸኝ ፈልጌ ነው።

መሄጃችን ሲደርስ፣ «ብስክሌቱን ውሰድ» አልኩት። «የአንተ መንገድ ይረዝማል፣ እግርህም ቆስሏል። አዴ ሐሊማ ጋ ተወው፤ እኔ ጂማ በእግሬ እገባለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ብስክሌቱ አጋሮ ከቀረ አንቺም ጋሪ ስትጠብቂ ትቀሪያለሽ። ሩቅ አገር ሆኜ ጠዋት ጠዋት አዌቱን በዚህ ስትሻገሪ ባስብ ነው የምመርጠው።»

«እግርህስ?»

«እግር ይድናል።»

ተከራከርን፤ አልረታሁትም። ቢያንስ እስከሚቀጥለው ዳገት ራስ ልሸኝህ አልኩት። ሜዳው ላይ እሱ ነዳ፣ እኔ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ተቀምጬ ወገቡን ያዝኩ። ዳገቱ ላይ ወርደን፣ እሱ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል መሪውን ይዘን አብረን ገፋን። ሆን ብለን ቀስ እንላለን። ዳገት ሆኖ እንዲህ አጥሮብኝ አያውቅም።

የዳገቱ ራስ ላይ ስንደርስ ጫማውን አጥልቆ ቆመ። «ፍሬኑን በየሳምንቱ እዪው» አለኝ። «ካቴናውን ዘይት አትንፈጊው።»

«እሺ።»

«በሰው ሳቅ ደግሞ እንዳትወርጂ።»

«እሺ አልኩህ እኮ።»

ግንባሬን ሳመኝና በአቋራጭ ወደ ጫካው መንገድ ገባ። ቡናው መሃል ሸሚዙ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይታያል። ከዚያ ቅጠሉ ብቻ ቀረ። ያም ሆኖ ለብዙ ጊዜ ቆሜ አየሁ።

ወደ ቤት

ጂማ የገባሁት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። እትዬ አስካለ ደጃቸው ላይ ነበሩ። «አገኘሽው?» አሉኝ ገና ከሩቁ። «አገኘሁት» ስላቸው እልል አሉ። ታደለ የዚያን ሌሊት የተቆለፈውን በር ሳይሰብር እሳቸው ቤት መደብ ላይ እንዳደረ፣ እራት አልበላም ብሎ እንዳስቸገራቸው ነገሩኝ።

ሰኞ ጠዋት በብስክሌቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ፤ አንዳንድ መምህራን ሳቁ። ማክሰኞም ሄድኩ፤ ረቡዕም። ሳቁ ከሳምንት አላለፈም። አሁን ሁለት መምህራት በኳስ ሜዳው ዳር ምሽት ምሽት እየደገፍኳቸው ይማራሉ፤ አንደኛዋ ትናንት ብቻዋን ዞረች። ነዳጅ ከመጣም ወዲህ ጋሪ የምጠብቅበት ቦታ ላይ ቆሜ አላውቅም።

የቀበሌ ስብሰባ ላይም ተነስቼ ተናግሬአለሁ። ከተማችን ሜዳ ናት፣ ጥላ አላት፣ ሰዉም በእግሩ የሚሄድ ነው፤ ስለዚህ ከመንገዱ ዳር ያለውን ቦይ ከድነን ለእግረኛ እናስተካክል፣ ብስክሌት ያለውም ከቤቱ ያውጣው አልኩ። ሊቀመንበሩ ይታሰብበታል አሉ። እስኪታሰብበት በእኛ ደጃፍ ያለውን ቦይ ከእትዬ አስካለና ከጎረቤቶች ጋር በጠፍጣፋ ድንጋይ ከድነነዋል። ሸክም ይዘው ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች በላዩ ሲያልፉ አያለሁ።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ይህን ነው፦ ሩቅ የምንለው ብዙ ቦታ ሩቅ አይደለም፤ ለመሄድ መኪና እስኪመጣ መጠበቃችን ነው ያራቀው። ለታደለ ያጎደልኩትን ብዙ ምሽት ሳስብ ይህ ይቆረቁረኛል፤ አጋሮ ሆኖ ሳለ በየሳምንቱ ልሄድ እችል ነበር። አሁን ግን ጋምቤላ ነው ያለው። በሾፌር በኩል ደህና ነኝ ብሎ ልኮልኛል።

እሑድ እሑድ ማለዳ ብስክሌቱን አወጣና በአጋሮ መንገድ እነዳለሁ። ኬላው ድረስ እሄዳለሁ። ያ ጥበቃ አሁን ያውቀኛል፤ «የዛሬው ይለፍስ?» ይለኛል። «የለኝም፣ እዚህ ድረስ ብቻ ነኝ» እለዋለሁ። አንድ እግሬን መሬት ላይ አድርጌ፣ ኮረኮንቹ ጫካው ውስጥ እስኪገባ ድረስ አየዋለሁ። ከዚያ ብስክሌቱን አዙሬ ወደ ቤት እመለሳለሁ።